ጋሽ ደምሴ መልሰው ነበር

የጋሽ ደምሴ ማረፍ በመረዳጃ ማኅበራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ሲነገር፣ መልእክቱን የጻፈው ሰው ስማቸውን ብቻ ጽፎ አላቆመም። «ፋይሰል ውስጥ የቆዳ ስፌት ማሽን ይጠግኑ የነበሩት፣ ጆሯቸው ብዙም የማይሰማው አባት» ብሎ ጨመረበት። ሌላ ደምሴ ስላለ ሰው እንዳይሳሳት ብሎ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። እኔ ማረፋቸውን አስቀድሜ ከሆስፒታሉ ሰምቼ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ያቺን መስመር ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። ከሥሯ «ነፍስ ይማር» ተደረደረ፣ የሚያለቅስ ፊት ተደረደረ፣ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ሰውየው ይሰሙ ነበር» አላለም።

ይሰሙ ነበር። ከመንገድ ላይ ሆነው፣ ገና ደረጃውን ሳይወርዱ፣ ውስጥ ከሚንጫጩት ማሽኖች መካከል የትኛዋ ዘይት እንደጠማት ለይተው ይናገሩ ነበር። ይህን የምጽፈው ያቺ መስመር ብቻዋን እንዳትቀር ነው።

የምሠራው ካይሮ ውስጥ፣ ከፋይሰል መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሐግ ሰይድ ይባላል፤ ሐጂን እዚህ ሐግ ነው የሚሉት። የሴት ቦርሳ እያሰፋ ይሸጣል። እኔ በቤት ሠራተኝነት ካገለገልኳት ከሄሊዮፖሊስ ማዳሜ ቤት ወጥቼ እዚህ ስቀጠር መቀስ እንኳ በወጉ አልይዝም ነበር፤ የእኔ ነገር ይቅር። ከጎኔ ስንዱ የምትባል የደሴ ልጅ ትሰፋለች፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ግብፃውያን ናቸው። የቆዳ ማሽን እንደ ልብስ ማሽን አይደለም፤ መርፌው ወፍራም፣ ክሩ ሰም የጠገበ፣ ሞተሩ ጉልበተኛ ነው። ሲበላሽም አበላሹ ከባድ ነው። ያን ጊዜ ሐግ ሰይድ የሚጠራው ጋሽ ደምሴን ነበር።

ጋሽ ደምሴ አጠር ያሉ፣ አንዱ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው፣ በፖለቲካ ምክንያት ወጥተው፣ በሱዳን አድርገው ካይሮ ገቡ። ስለ ፖለቲካው የጠየቃቸውን ሰው «እሱ እኔ ሳልነካካው በፊትም የተበላሸ ነበር» ብለው ያልፉታል። ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው ካቻቢቴ ይሰካሉ። ዶቂ ሰፈር አንድ ኤምባሲ ለጉዳይ ሲሄዱ እንኳ ቤት ትተውት አይወጡም፤ ጥበቃው በር ላይ ካቻቢቴውን በተቀበላቸው ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይናደዳሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው «ሳዳ» ይላሉ፣ ስኳር የሌለው ማለት ነው፤ ስኳር በሽታ ነበረባቸው። ግብፆቹ ደግሞ እንግዳን ያለ ስኳር ማስተናገድ ነውር መስሎ ስለሚታያቸው ሁልጊዜ ክርክር ነበር።

ማሽን ተበላሸ ብሎ የደወለላቸውን ሰው ሰላምታውን ሳያስጨርሱ «ገየርት ኢል ኢብራ?» ይሉታል። መርፌውን ቀይረሃል ወይ ማለት ነው። ካልቀየረ አይመጡም። ከዚህ የተነሳ የፋይሰል ዋርሻዎች፣ እንደኛ ያሉት የስፌት ቤቶች በሙሉ፣ «ዐም ኢብራ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፣ አጎቴ መርፌ እንደ ማለት፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት ነበር። መርፌው ተቀይሮም እንቢ ካለ መጥተው ክሩን ያያሉ፣ ክሩ ደህና ከሆነ የሚሰፋውን ሰው ያያሉ። ማሽኗን የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው። «ግማሹ ብልሽት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የስንዱ ማሽን ስፌት እየዘለለች አስቸገረች። ከሳቸው በፊት ሌላ መካኒክ ተጠርቶ ሲፈታ ሲገጥም ውሎ አባብሶባት ሄዷል። ጋሽ ደምሴ መጡና የመርፌውን ጫፍ፣ ቀጥሎ ከሥር ክሩን የሚይዘውን መንጠቆ በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ያቺ ጣት የምታውቀውን ዓይናቸው አያውቀውም ነበር። ለዓይን የማትታይ ሻካራ ነገር ብትኖር ጣታቸው ታገኛታለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ያደርጓታል፣ ነገሩ ያልቃል። የስንዱ ማሽን ግን ምንም አልተገኘባትም። «እስቲ ስፊ» አሏት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትንሽ ካዩ በኋላ፣

«ቆዳውን ለምን ትጎትቻለሽ?» አሏት።

«እንዲፈጥንልኝ ነዋ።»

«የሚስብላት ጥርስ ከሥር አላት። አንቺ ስትጎትቺ መርፌው ይጎብጣል፣ መንጠቆው ክሩን ይስታል። ሥራዋን ራሷ ትሥራበት። ማዳም አትሁኚባት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከማዳም ቤት ለወጣ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ስንዱ መጎተቷን ተወች፣ ማሽኗም መዝለሏን ተወች። ያለፈውን መካኒክ አንድ ቃል አላሙትም፤ አበላሽቶት የሄደውን መልሰው አስተካከሉና ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ጥንቁቅ ነበሩ። የቆዳ ማሽን ሞተር ማብሪያው ቢጠፋም ወዲያው አይቆምም፣ ለትንሽ ጊዜ በራሱ ይዞራል፤ በዚያ መሀል ፔዳሏን የረገጠ ሰው መርፌውን ሊያወርደው ይችላል። ጋሽ ደምሴ ካጠፏት በኋላ ፔዳሏን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ የቀረ ጉልበቷን ሳያስጨርሱ እጃቸውን አያስገቡም። «ትንሽ ቂም ቀርቷታል» ይላሉ እየረገጡ። እኛንም ያስለመዱን እንደዚያ ነው። እንግዲህ ኋላ በግዴለሽነት የታሙት እኚህ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ አዎ ለማለት ሁልጊዜ አዎ አንልም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ «እ» ትመስላለች፣ ግን ድምፅ የላትም፣ በትክክል የምትጻፍበት ፊደልም የላት። «በላሽ?» ሳብ። «ደወልሽላት?» ሳብ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ይህ ከሰው ሁሉ ይበዛባቸው ነበር። ሲሠሩ የፈቱትን ብሎን በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ ብሎን በአፉ የያዘ ሰው በሌላ በምን ይመልሳል? ግብፆች ምላሳቸውን ጠቅ አድርገው አይሆንም ይላሉ እንጂ አየር ስቦ አዎ የሚል ሰው አያውቁም።

ሐግ ሰይድ «ኸላስ ያ ኡስታ? አለቀች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኡስታ ባለሙያን ማክበሪያ ነው። ጋሽ ደምሴ ሳብ ያደርጋሉ። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ሳብ። በመጨረሻ ሐግ ሰይድ መጮህ ሲጀምር ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው «አልኩህ እኮ» ይሉታል በአማርኛ። እኔና ስንዱ በሳቅ እንሞታለን። አንዴ ሐግ ሰይድ ለብቻዬ ጠርቶ «ሰውየው አስም አለበት እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ያን ጊዜ መሳቂያችን ነበረች።

ሳቁ ባበቃበት ቀን ቦርሳዎቹን የሚረከበው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቦርሳዎች እጀታ የሚሰፋባት ማሽን ከሥር ክር ተብትባ ቆመች። ጋሽ ደምሴ ተጠርተው መጡ፣ ማብሪያውን አጠፉ፣ ቂሟን አስጨረሱ፣ ከጠረጴዛው በወዲያኛው በኩል ተንበርክከው ቀኝ እጃቸውን ከሥር ወደ መንጠቆው አስገቡ። የተተበተበውን ክር በጣታቸው እየለቀሙ ሳለ ሐግ ሰይድ ከነጋዴው ጋር እየተነታረከ መጣና የማሽኗ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የጋሽ ደምሴ ራስ ብቻ ነው።

«ኢደክ ጉዋ ያ ኡስታ?» አለ። እጅህ ውስጥ ነው ወይ ማለቱ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሳብ አደረጉ። እኔ ሰምቻለሁ፣ ስንዱም ሰምታለች። ያ ሁሉ ማሽን እየጮኸ እንኳ ሰምተናል፣ ጆሯችን ያደገው በዚያ ነው። ሐግ ሰይድ ግን ምንም አልሰማም። ዝም ሲሉት እጃቸውን ያወጡ መሰለው፤ አብርቶ ረገጠ።

ጩኸታቸውን አልጽፈውም። ሌባ ጣታቸውን ሐኪሞቹ ከሥሩ ቆረጡት፣ መሀል ጣታቸው ደንዝዞ ቀረ። በስኳሩ ምክንያት ቁስሉ ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ሐግ ሰይድ ጨካኝ ነው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ሆስፒታል በራሱ መኪና ያደረሳቸው እሱ ነው፤ መንገዱን ሙሉ «ማሌሽ ያ ኡስታ፣ ማሌሽ»፣ አይዞህ እያለ አልቅሷል። ሲመለስ ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው ጠየቁት፣ እሱም «ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም» አለ። እሱ የሚያውቀው ያንን ነው። ወሬው ከዋርሻ ወደ ዋርሻ ሲሄድ ግን እየወፈረ ሄደ። ዐም ኢብራ ሥራ ላይ ይተኛል ተባለ፣ አርጅቷል ተባለ፣ ዞሮ ዞሮ አይሰማም ተባለ። ከግብፆቹ የሰሙት የእኛው ሰዎችም ይህንኑ ይዘው ቀሩ። የጋሽ ደምሴ ስልክ ጸጥ አለ።

እሳቸው ደግሞ ሥራ አላቆሙም ነበር፤ ያቆሙት ደዋዮቹ ናቸው። ቤታቸው ስሄድ ከዋርሻው የተጣሉ መርፌዎች እንዳመጣላቸው ለመኑኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እጃቸው ጣት እያንዳንዱን ይዳስሱና ደህናውን ወደ አንድ ብርጭቆ፣ ሻካራውን ወደ ሌላው ይጥላሉ። ከዚያ እኔ በማጉያ መነጽራቸው አይቼ እፈርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ይሳሳቱ ነበር፤ ቆይተው እኔ መሳሳት ጀመርኩ። ግራ እጃቸው ሠለጠነች፣ የሚጠራት ግን ጠፋ።

አንድ ቀን «እስቲ ደውይልኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አሉኝ። ደወልኩ፣ ጮኸ። ቻርጁን አዩ፣ ካርዱን አውጥተው በሸሚዛቸው ጠርገው መለሱት፣ እንደገና ደውይ አሉኝ፣ እንደገና ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ቁጭ ብለው አዩት።

«ጣቴን ማሽን ወሰደው፣ እሺ። ማሽን ነው» አሉ። «ስሜን ለምን ይወስዱታል? ካሳ አልጠየቅኩም፣ ክሰሱልኝም አላልኩ። ሐግ ሰይድ ‹ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ› ይበል። ‹ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ።› ይቺን ብቻ። እሱ አንዴ ካላት ነገ ይደወልልኛል።»

እኔና ስንዱ ሐግ ሰይድን ልናናግረው ተማከርን። ማሽኖቹ ጠፍተው ሠራተኛው ሁሉ ፉል በሚበላበት ሰዓት ፊቱ ቆምን።

«ያ ሐግ፣ ኡስታ ደምሴ የዚያን ቀን መልሰውልህ ነበር» አልኩት።

«ምን ብሎ? አይዋ አለ?» አዎ አለ ወይ ማለቱ ነው።

«አይዋ አላሉም።»

«ነዐም አለ?» እሱም አዎ ነው።

«አላሉም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ስንዱን አየኋት፣ ስንዱ መሬት መሬት ታያለች። «ተነፈሱ» አልኩት። በዐረብኛ ሌላ ቃል አጣሁለት።

ሐግ ሰይድ ዳቦውን አስቀመጠ። «ያ ገማዐ፣ ተነፈሰ ትላለች» አለ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። ሳቁ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ላሳየው ብዬ እዚያው ሳብ አደረግኩ። ደንግጬ ነበርና ትንሽ በዛ መሰለኝ፣ አንዱ ሠራተኛ የታነቅኩ መስሎት ውሃ ይዞልኝ ሮጠ። በአማርኛ ምስክርነት የነበረው ነገር በዐረብኛ ሕመም ሆኖ ቀረ። ሐግ ሰይድ በሐዘኔታ አየኝ።

«ያ ሙሉ» አለኝ በስሜ ጠርቶ፣ «ትንፋሽ መልስ አይደለም። ያዕኒ ሰው ሁሉ ይተነፍሳል። ኸላስ።»

ለጋሽ ደምሴ ይህንኑ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ትንፋሻቸውን ስበው አልመለሱልኝም። ሻይ ላፍላ ስላቸው «አይዋ» ይላሉ፣ በር ልዝጋ ስላቸው «አይዋ» ይላሉ፣ ያውም በጩኸት። በአማርኛ እያወራን በመሀል «አይዋ» ሲሉ እደነግጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ዝግ ብለው አንድ ነገር ሲጠይቋቸው «አይዋ» ብለው የቆመውን ሰው ሁሉ አዞሩት። የሚጮህ ሰው ደግሞ የማይሰማ ሰው ነው ይባላል፤ ያን ያየ ሁሉ ወሬው እውነት ነው ብሎ ሄደ። ሰውየው ሊሰማላቸው በጮኹ ቁጥር ደንቆሮ እየተባሉ ሄዱ።

«ለእኔ እንኳ በራሳችን ይመልሱልኝ እንጂ» አልኳቸው አንድ ቀን ብስጭት ብዬ።

«ልማድ ነው ልጄ። አንቺ ጋ ካልተውኩት እዚያም ያመልጠኛል» አሉኝ። እዚያ ማለታቸው ዋርሻ ነው። አንድም ዋርሻ አልጠራቸውም። ያም ሆኖ ይዘጋጁ ነበር፤ እኔን የሚያበግነኝ ይህ መዘጋጀታቸው ነው።

በኋላ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎዳው። መንግሥት ሆስፒታል፣ ብዙ አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ተኙ፤ እኔና ስንዱ እየተፈራረቅን እናያቸው ነበር። በመጨረሻው ሰሞን መናገር አቃታቸው። አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ ዓይናቸው ግማሹ ተከድኖ፣ እያንዳንዷን ትንፋሽ ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው እየሳቡ ነበር የሚተነፍሱት። ያ ሁሉ ዓመት አዎ ሲሉበት የኖሩት ድምፅ ነው፣ አሁን ግን እየሞቱበት ነበር።

አንድ ቀን በጠያቂ ሰዓት ሐግ ሰይድ ብርቱካን ይዞ መጣ። ለዑምራ ወደ መካ ሊሄድ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የበደላቸውን ሰዎች እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ አልከፋኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጣት የጎደለበትን እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ሳሚሕኒ ያ ኡስታ» አለ። «ይቅር ብለኸኛል?»

ምን አድርጎ እንደሆነ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረም። ጋሽ ደምሴ ሳብ አደረጉ።

ሐግ ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሰማሽ? ያኔ ያሳየሽኝ ይሄ አይደለም? የእናንተ አይዋ ይሄ አይደለም?» አለኝ።

እኛ ትንፋሽ ስበን አዎ ስንል ቅንድባችን አብሮ ይነሳል። የጋሽ ደምሴ ቅንድብ አልተነሳም። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው ሲተነፍሱ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ያ ሐግ፣ ይሄ ትንፋሽ ነው» አልኩት።

«አይደለም። አንቺ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ» አለ። የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ግንባራቸውን ሳመ፣ ብርቱካኑን ለእኔ ሰጠኝ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ።

ይቅር ብለውት እንደሆነ አላውቅም። መናገር ቢችሉ ይሉት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ እንደዚያ ያሉ ሰው ነበሩ፣ ይህም ያናድደኛል። የዚያን ቀን ግን አላሉትም።

ሐግ ሰይድ ገና ከዑምራ ሳይመለስ አረፉ። ሲመለስ ተምር አከፋፈለን፣ ለጋሽ ደምሴም ከልቡ አዘነ። አሁን ነጋዴ ቢመጣ፣ የሌላ ዋርሻ ባለቤት ቢመጣ፣ የዐም ኢብራ ስም በተነሳ ቁጥር መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «ሳይሞት ደርሼ ይቅር በለኝ አልኩት። ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ» ይላል። ሁሉም ያምኑታል።